የአያምፖካ ሸክም ማውረጃ

የእሳቱ ዓመት የምንለው ዘመን ነበር። ደረቁ የሰሜን ንፋስ በየዓመቱ ይመጣል፤ ከንፈር ይሰነጥቃል፣ ቅጠል ያራግፋል፣ ትንሽ ሰንብቶ ይሄዳል። በዚያ ዓመት ግን መጥቶ ተቀመጠ፣ እንደማያፍር እንግዳ። ዝናቡ ቀረ። የካካዎው ቅጠል ሲነኩት እንደ ደረቀ ትንባሆ እጅ ላይ ይፈረፈር ጀመር። ከዚያ እሳቱ ከየት እንደተነሳ ሳይታወቅ ከጉብታ ጉብታ እየዘለለ መጣ። ፀሐይዋ ቀኑን ሙሉ በጭሱ ውስጥ እንደ ቀይ የዘንባባ ፍሬ ተንጠልጥላ ትውል ነበር። ከሁሉ የማይረሳው ሽታው ነው። ካካዎ ሲቃጠል መጀመሪያ ደስ የሚል ሽታ አለው፤ ልጆች ምን እየተጠበሰ ነው እያሉ ይወጡ ነበር። አዋቂው ግን የሚሸተው የአባቱ ልፋት ሲጠበስ መሆኑን ያውቅ ነበር።

አያምፖካ ያኔ ገና ወጣት ነበረች። ከሰሜን፣ ድንጋዩ ከሰው ከሚበዛበት ከቦንጎ አገር፣ ከባሏ ከአታምቢሬ ጋር የመጣችው የዘሩት ማሽላ ዓመት አላደርስ ሲላቸው ነው። እኛ የካካዎው ጫካ ሰዎች፣ ሴፍዊዎች፣ ያኔ ሰሜነኛ ሁሉ አንድ ይመስለን ነበር፤ ሸክም ካለ ሰሜነኛ ይጠራል፣ ስሙን መጠየቅ ኋላ የመጣ ነገር ነው። ባልና ሚስቱ የሰው እርሻ ያርማሉ፣ የሰው ካካዎ ይሸከማሉ። ከጫካው መንደሮች ተነስተው፣ የድንጋይ ጉብታውን ወጥተው፣ ወንዙን ተሻግረው፣ የመኪና መንገዱ ዳር እስካለው ሚዛን ያደርሳሉ። አያምፖካ ትንሿን ልጇን አሲቢን በጀርባዋ አዝላ፣ አናቷ ላይ ጆንያ ተሸክማ ነው ይህንን መንገድ ያወቀችው።

ከሌላው ተሸካሚ የምትለየው በአንድ ነገር ነው፤ ትጠይቃለች። ካካዎው ከሚዛኑ በኋላ የት ይሄዳል? ወደብ። ከወደቡስ? ባሕር ማዶ። ባሕር ማዶ ያሉት ሰዎች እንዲህ መራራ ነገር ምን ሊያደርጉበት ነው? እዚህ ላይ ሲደርስ ሁሉም ይስቅባት ነበር። እሷ ግን ከሚሄደው ይልቅ የሚመለሰው ነበር የሚገርማት። ባዶ እጁን የሚመለስ ተሸካሚ አላየችም። አንዱ ጨው፣ አንዱ ላምባ፣ አንዱ የደረቀ ዓሣ፣ አንዱ ቆርቆሮ ተሸክሞ ይመጣል። አንድ ጊዜ አንድ ሰው የልብስ ስፌት መኪና አናቱ ላይ አስቀምጦ ጉብታውን ሲወጣ አይታ፣ የራሷን ሸክም እንደያዘች ቆማ እስኪሰወር ድረስ ተመለከተችው።

“ሲወርድ አንድ ዓይነት ነው፤ ሲመለስ መቶ ዓይነት ነው” አለችው ለአታምቢሬ። “ይኼ ሁሉ ከዚያች ፍሬ ነው የሚወጣው?”

አታምቢሬ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር። “አንቺ ደግሞ ሸክምሽን ተሸከሚ” አላት።

እሳቱ ካለፈ በኋላ ዝናቡ ተመለሰ፤ ያልተጠበቀ ዘመድ እንደመጣ ሰዉ ሁሉ ከቤቱ ወጥቶ ቆመበት። መሬቱ ጥቁር ነው፣ አመድ ጠግቧል፤ የሚተክለው ግን የለም። የዚያ አካባቢ ባለመሬት ናና ኩዋው አርማ ይባላሉ፤ ናና የምንለው የተከበረን ሽማግሌ ነው። አባታቸው የተከሉት ካካዎ አንድም ሳይቀር ነዶባቸዋል። ጉልበታቸው ደክሟል፣ በእኛ ወግ የሚወርሷቸው የእህቶቻቸው ልጆች ከተማ ገብተዋል። ስለዚህ አታምቢሬን አስጠርተው መሬቱን በእኩል ሰጡት። በእኛ አገር ውሉ እንዲህ ነው፤ እንግዳው ይመነጥራል፣ ይተክላል፣ ያርማል፤ ዛፉ እስኪያፈራ በመሬቱ ላይ የሚያበቅለውን ጎደሬና የሚቀቀለውን ሙዝ እየበላ ይኖራል። ዛፉ ሲያፈራ እርሻው ለሁለት ይከፈላል። መስመሩን የሚያወጣው ተካዩ ነው፤ መጀመሪያ የሚመርጠው ባለመሬቱ ነው። የሚቆርሰው አንዱ፣ የሚያነሳው ሌላው። አዳልቶ የቆረሰ ትንሹ ለራሱ ይደርሰዋል። ወረቀት የለም። ናና አረቄ አስመጥተው ለአባቶቻቸው መሬቱ ላይ ጠብ አደረጉ፣ የተረፈውን ቀመሱ፣ አለቀ።

መሬቱ ራሱ ሁለት መልክ ነበረው። ታችኛው ወገን ጅረት አለው፤ አፈሩ ጥቁርና ለስላሳ፣ ሲረግጡት እግር የሚውጥ ነው። ላይኛው ጉብታው ነው፤ ድንጋይ ይበዛዋል፣ የተሸካሚዎቹ መንገድ በአናቱ ያልፋል። ባልና ሚስቱ ሁለቱንም ተከሉ። ችግኙ ፀሐይ ስለማይወድ መጀመሪያ ሙዙ ይተከላል፤ ካካዎው በሙዙ ጥላ ሥር፣ እንደ ልጅ በእናቱ ቀሚስ ሥር፣ ቀስ ብሎ ያድጋል።

አታምቢሬ አንድ ቀን ሥራውን ትቶ ከእሳቱ የተረፈ ጠንካራ እንጨት ፍለጋ ሄደ። ጫፋቸው መንታ የሆነ ሁለት ረጃጅም ባላዎች ይዞ መጣና ጉብታው አናት ላይ፣ መንገዱ ዳር ተከላቸው። በላያቸው በሰው አናት ልክ አግዳሚ አጋደመ። ምን እየሠራ እንደሆነ ለተሸካሚ መንገር አያስፈልግም። ጆንያ አናት ላይ ሁለት ሰው ያወጣዋል፣ ሁለት ሰው ያወርደዋል፤ ብቻውን የሚሄድ ሰው ደክሞት ሸክሙን ከጣለ መልሶ የሚያሸክመው አያገኝም። እዚህ ግን ሰውዬው አግዳሚው ጋ ይቆምና ጆንያውን በላዩ አሳርፎ አናቱን ዝቅ አድርጎ ያወጣል፤ ጆንያው እዚያው እንደተቀመጠ ይቀራል። ካረፈ በኋላ ደግሞ አናቱን ከሥሩ አስገብቶ ቀና ይላል። አያምፖካ ለመጀመሪያ ጊዜ ሸክሟን እዚያ ላይ አሳርፋ አንገቷን ስታዞር፣ ከታች ጫካው፣ ከማዶ ወንዙ፣ ከወንዙ ወዲያ የመኪናው አቧራ ታያት። ጠማት። ዙሪያዋን ተመለከተች፤ ውሃ የሚሸጥ የለም፣ የሚበላ የለም። ከኋላዋ ሌሎች ተሸካሚዎች እየመጡ ነበር። ሁሉም በውሃ ጥም ደርቀዋል።

“እዚህ ተቀምጦ የሚሸጥ ሰው አይራብም” አለች።

አታምቢሬ ለዚህኛው ፈገግ አለ ትላለች። ከሱ የቀራት ነገር ይህ ነው። እሳቱ የገደላቸው ትልልቅ ዛፎች ወዲያው አልወደቁም ነበር፤ ቆመው ነው የሞቱት። አንድ የዝናብ ዋዜማ ንፋሱ ሲነሳ ከአንዱ ዛፍ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ አታምቢሬን አረም ሲነቅል አገኘውና ገደለው። ሬሳውን የተሸከሙት እሱ ባላ የተከለላቸው ሰዎች ናቸው። መንደሩ ሲደርሱ ሴቶቹ ሁሉ አለቀስን፤ ያን ቀን ሰሜነኛ ያለ ሰው አልነበረም።

ከቀብሩ በኋላ የናና እህት ማሜ ኤኩዋ ነገሩን አነሳች። ማሜ ኤኩዋ ክፉ አይደለችም፤ አፏ ግን ገጀራ ነው። ውሉ ከወንዱ ጋር ነበር፣ ወንዱ ሄዷል፣ መሬት ለሴት ያውም ለእንግዳ ሴት በእኩል ሲሰጥ የት ታየ አለች። ናና መፋቂያቸውን እያኘኩ “ካካዎው የተከለው ሰው ሱሪ ይልበስ ቀሚስ መች ያያል” አሉ። አረቄው እንደገና መጣ፤ እንደገና መሬት ላይ ጠብ ተደረገ። ከዚያ ጀምሮ ውሉ የአያምፖካ ሆነ።

ዓመታት ሄዱ። ዛፎቹ እርስ በርሳቸው ተነካኩ፣ ሥራቸው ጨለመ፤ ከግንዳቸው ላይ ቢጫ ፍሬ እንደ ፋኖስ ተንጠለጠለ። አያምፖካ ፍሬውን ትፈለፍላለች፣ በሙዝ ቅጠል ሸፍና ታብላላለች፣ በቀርከሃ ቆጥ ላይ አስጥታ በእግሯ እያመሰች ታደርቃለች። እጇ ሁልጊዜ ያ ጎምዛዛ ሽታ ነበረው። አሲቢ አድጋ ከእናቷ ጋር ትፈለፍላለች፤ የፍሬውን ነጭ ሥጋ እየመጠጠች ከምትሠራው የምትበላው ይበልጣል እየተባለች ትወቀሳለች።

እርሻው ለሁለት የሚከፈልበት ወቅት ሲቃረብ አያምፖካ እንቅልፏ ተረበሸ። ምን እንደምትፈልግ ታውቃለች፤ ጉብታውን ነው። የሚበልጠው ካካዎ ከታች መሆኑን የማያውቅ የለም፤ የጅረቱ ዛፍ ከጉብታው ዛፍ እጥፍ ያፈራል። እሷ የምታየው ግን ዛፉን አልነበረም። አገሩ ሁሉ እንደገና ተክሏል፣ ካካዎው እንደገና እየወረደ ነው፣ የሚወርደው ሁሉ በዚያ ጉብታ ያልፋል፣ ባሏ በተከለው ባላ ላይ ያርፋል። አንድ ድስት፣ አንድ የውሃ እንስራ፣ ከላይ ሣር ክዳን፤ ሌላ አላማራትም። አሲቢ በአናቷ ጆንያ እንዳትሸከም የምትፈልግ እናት ናት።

ችግሩ መራጩ ናና ናቸው። ጉብታውን ከመረጡ አለቀ፤ የባሏን ባላ እንኳ በሰው መሬት ላይ ነው የምታየው። በየመንደሩ ያሉትን እንግዳ ተካዮች ስትጠይቅ ሁሉም አንድ ነገር ነገሯት፤ ባለመሬት የሚያነሳው ተካዩ የወደደውን ወገን ነው፣ ዓይንሽ የት እንዳረፈ ካወቀ ቀድሞሽ ይቀመጥበታል። ስለዚህ ዓይኗን ደበቀች። ጎጆዋን ጅረቱ አጠገብ ሠራች። ስታርም ጅረቱ ዳር ትዘፍናለች፤ ሰው ሲያልፍ ድምጿን ከፍ ታደርጋለች። ጉብታውን ሰው በማያይበት ሰዓት ብቻ ታርመው ነበር። ሲጠይቋት ድንጋዩ እግሬን ይበላኛል ትል ነበር።

መንደሩ ሁሉ ይህችን ሴት ሲመለከት ይውላል። ማሜ ኤኩዋ በየማታው ለወንድሟ ትነግራለች፤ ሰሜነኛዋ ከጅረቱ ላትነሳ ተጣብቃለች፣ ነገ ስትከፍል እዩዋት፣ ጅረቱን ለራሷ አስልታ ነው። ደሪ የሚባል ረጅም ተሸካሚ ነበረ፤ ዳጋባ ከሚባለው የሰሜን ነገድ ነው፣ አያምፖካ ደግሞ ፍራፍራ ናት። ዳጋባና ፍራፍራ ሲገናኙ መሰዳደብ ግዴታቸው ነው፤ ያልተሰደበ ይቀየማል፤ ቀልዳቸው አንዱ ሌላውን ውሻ በላ ማለት ነው። ጎጆዋ ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ “የውሻ ጭንቅላቱ በሰለ ወይ?” ይላታል፤ እሷም ያንተን ገና አልጣድኩትም ትለዋለች። በዚያ ሰሞን ግን ቀልዱን ትቶ ጠየቃት። እውነት የቱን ነው የምትፈልጊው አላት። እሷም ለሱ እንኳ አልተናገረችም።

የመክፈያው ቀን ማለዳ ሁሉም ከታች ተሰበሰበ። አያምፖካ በገጀራዋ የሙዝ ግንድ እየቆረጠች መስመሯን አወጣች። በልክ ነበር የቆረጠችው፤ ጅረቱን አጥብባ ጉብታውን አስፍታ፣ ፍሬው ከፍሬው እንዲመጣጠን። ምስክሮቹ ዞረው አይተው አልተከራከሩም። ናና በትራቸውን ተደግፈው መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዱ። ጅረቱ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ውሃው አጠገብ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ እሱን ረዘም አድርገው ተመለከቱት። ከዚያ ወደሷ ዞሩ።

“ልጄ፣ ጎጆሽ የት ነው?”

“ከጅረቱ ናና።”

“ስትዘፍኚ የሚሰማኝስ ከየት ነው?”

“ከጅረቱ ነው ናና።”

አያምፖካ ተሳካ ብላ ነበር። ሽማግሌው ጅረቱን ሊወስዱ ነው ብላ እጇን ለሐዘን አዘጋጅታ ነበር፤ እሷ እንዳለችው ፊቷን እንዴት እንደምታጠቁር እንኳ ተለማምዳለች።

ናና ወደ ሰዉ ዞሩ። “ይህች ሴት ባሏን መሬቴ ላይ ቀብራለች። ዛፎቹን ልጅ እንደማሳደግ አሳድጋለች። የሰው ልብ ካረፈበት አይነሳም። ጅረቱ የሷ ይሁን፤ እኔ ድንጋያሙን ጉብታ ወስጃለሁ” አሉ። አረቄውን ተቀብለው መሬት ላይ አፈሰሱ።

ሰዉ አጨበጨበ። ማሜ ኤኩዋ እንኳ ወንድሟን በኩራት አየቻቸው። አያምፖካ እንደ ልማዱ ተንበርክካ ማመስገን ነበረባት፤ ተንበረከከች፣ አመሰገነች፣ ያመጣችውን የምስጋና መጠጥ ሰጠች። እንባዋ ሲወርድ ሁሉም የደስታ ነው አለ። ደሪ ብቻ ጠጋ ብሎ፣ ውሻ የበላ ሰው እንዲህ አያለቅስም፣ ምን ሆነሻል አላት።

ሰውን በሌላ ሰው ለካችው፤ ስህተቷ ያ ነው። ባለመሬት ሁሉ ቀማኛ ነው ሲሏት አመነች፤ ናና ኩዋው አርማን ግን መሬታቸው ላይ ስትኖር ኖራ ራሷ አልጠየቀቻቸውም። ስለ ሁሉም ነገር የምትጠይቅ ሴት ይህን አንዱን ሳትጠይቅ ቀረች።

ከዚያ በኋላ የነበረው አዝመራ ያማረ ነበር። የጅረቱ ካካዎ ተሸካሚ አልበቃ አለው። ሰው ቀናባት። እሷ ግን ጆንያዋን ይዛ ጉብታው ላይ በደረሰች ቁጥር አግዳሚው ሥር ቆማ ትቆያለች። የናና የእህት ልጆች ከከተማ እየመጡ ፍሬውን ይለቅማሉ እንጂ ባላውን የሚያየው አልነበረም። ምስጥ ከሥሩ ጀመረው። በአንዱ የዝናብ ወቅት ግራው ባላ አዘነበለ፤ በሚቀጥለው የአንዱ ሰው ጆንያ ይዞ ወደቀ። ተሸካሚዎች እንደ ድሮው ድንጋዩ ላይ እየተንበረከኩ ያወርዱ ጀመር። አያምፖካ ሌላ ባላ ቆርጣ ጎጆዋ አጠገብ አስቀምጣ ነበር፤ መትከል ግን አልቻለችም፣ መሬቱ የሷ አይደለም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ተነስታ ናና ቤት ሄደች። በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሰላምታው ካለቀ በኋላ አንገቷን ደፍታ፣ ጉብታው ላይ ባላ እንድተክል ይፍቀዱልኝ አለች።

ናና ግራ ተጋቡ። የአገሩን ምርጥ ካካዎ የያዘች ሴት ስለ ሁለት እንጨት ልትለምን መጣች። ነገር ማወቅ የሚወዱ ሽማግሌ ነበሩ፤ ወንበራቸውን አስጠጉ። ባላውን ማን ነበር የተከለው? ባሌ። ለምን እዚያ? ሰው እዚያ ላይ ስለሚደክመው። አንቺስ ለምን ይቆረቁርሻል? ጠየቋት፣ ጠየቋት፤ እሷም ራሷ ጠያቂ ናትና ጥያቄያቸው ሳያልቅ እንደማይለቋት ገባት። ነገረቻቸው። ጉብታውን እንደነበር የፈለገችው፣ ጅረቱ ዳር የዘፈነችው እሳቸው እንዲሰሙ እንደነበር።

የናና ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ የተቆጡ መስሏት ተነሳች። እየሳቁ ነበር፤ እስኪያስላቸው ሳቁ።

“እኔ እኮ ጅረቱን ነበር የምፈልገው” አሉ። “ያ ጠፍጣፋ ድንጋይ አባቴ ካካዎ ሲተክል የሚያርፍበት ነው። ከእሳቱ የተረፈኝ እሱ ነበር። አንቺ ወደድሽው ብዬ ተውኩት።”

“ታዲያ አሁን ይለወጥ ናና።”

“አይሆንም። አረቄው አንዴ ፈሷል። ሙታን ለአንድ ነገር ሁለቴ አይጠጡም።”

አያምፖካ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ናና መፋቂያቸውን ከአፋቸው አወጡ። ከዚያ መሬቱ የኔ ነው አሉ፤ መንገዱ ግን የኔ አይደለም። መንገድ የእግር ነው። በአባቴም ጊዜ መንገድ ላይ ደክሞት የተቀመጠን ሰው ተነስ ያለ የለም፤ ሰው የሚያርፍበት ቦታ መንገድ ነው።

“የሚያርፍበት እስከ የት ነው?” አለች አያምፖካ። የመጠየቅ ልማዷ ተመልሶላት ነበር።

“ጥሩ ጠየቅሽ” አሉ ናና፤ በትራቸውን አነሱ።

በማግስቱ የሆነውን ያየ ሁሉ እስከ ዛሬ ያወራዋል። ናና ጉብታው ድረስ ወጡ፤ ከአካባቢው ተሸካሚ ረጅሙን ጥሩልኝ አሉ። ደሪ ተጠራ። አዲሶቹ ባላዎች ተተከሉ፣ ጆንያውን አግዳሚው ላይ አሳረፈ። በል እንደደከመው ሰው ተቀመጥ አሉት። ተቀመጠ። እግርህን ዘርጋ። ዘረጋ። ማሜ ኤኩዋ ከእግሩ ጣት ጫፍ ላይ ድንጋይ አስቀመጠች። አሁን ወደ ፀሐይ መውጫ ዙር፤ ዞሮ ዘረጋ፣ ድንጋይ ተቀመጠ። በየአቅጣጫው ዞረ።

“ናና፣ ተጋድሜ ቢሆንስ?” አለ ደሪ። “እኔ ሲደክመኝ መጋደም ነው የምወደው።”

“ይኼ ዳጋባ መሬቴን ሊጨርስ ነው” አሉ ናና። “እሺ ተጋደም።”

ተጋደመ፤ ክንዱንም ጨምሮ ዘረጋ። አያምፖካ ከባሏ ሞት ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ያየ የለም። ማሜ ኤኩዋ ድንጋዮቹን እያነሳች ወደ ውጭ ገፋቻቸው፤ የመጨረሻውን ስታስቀምጥ ከደሪ ጣት ትንሽ አለፍ አድርጋ አስቀመጠችው፣ ማንም ምንም አላላት። የአያምፖካ ቦታ በዚህ መልክ ተለካ፤ አንድ ረጅም የደከመ ሰው የሚይዘውን ያህል። እሷ ደግሞ ናና ሲፈልጉ እየመጡ በአባታቸው ድንጋይ ላይ እንዲቀመጡ አለች። መምጣታቸውን አላቋረጡም። ጅረቱ ዳር ተቀምጠው ካካዎዋ ሲብላላ እያሸተቱ የሚያንቀላፉ ሽማግሌ ማየት የተለመደ ሆነ።

ውሃ በእንስራ ጀመረች። ከዚያ አደንጓሬ በዘንባባ ዘይት፣ የተጠበሰ ሙዝ። ደሪ የመጀመሪያው ደንበኛ ሆነ፤ የውሻው ጭንቅላት የት አለ እያለ ድስቱን በማንኪያ እያማሰለ ይፈልግ ነበር። ተሸካሚው እዚያ መቆየት ሲያበዛ ጨው የሚሸጥ ሰው መጥቶ ከድንጋዮቹ ውጭ ተቀመጠ፤ ናና ለዚያኛው ከራሳቸው መሬት ሰጡ። ላምባ ሻጭ መጣ። ያ ድሮ የስፌት መኪና ተሸክሞ ያለፈው ሰው አርጅቶ ነበር፤ ልጁ የስፌት መኪናውን ይዞ መጥቶ ዛፍ ሥር ተከለው። ሰው ካለ ሚዛን ይመጣል፤ ካካዎ ገዢው ከወንዙ ማዶ ተሻግሮ መጥቶ ሚዛኑን ጉብታው ላይ ሰቀለ። ሚዛን ካለ መኪና ይመጣል። መንገዱን ወጣቶች እየተሰበሰቡ ቆፈሩት፤ ምሳቸውን ያበላቻቸው አያምፖካ ናት። የመጀመሪያው የጭነት መኪና ጉብታውን እያቃሰተ ሲወጣ ሴቶቹ መደረቢያ ጨርቃችንን አውልቀን መንገዱ ላይ አነጠፍንለት። ትምህርት ቤቱ ኋላ ነው የመጣው፤ ጣራውን ያለበሰው የካካዎው ገንዘብ ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን የልብስ ሰፊው ሬዲዮ ላይ አንድ ትልቅ ሰው ስለ አገር ዕድገት ሲናገሩ ተሰማ። ግብርና የአገራችን ኢኮኖሚ የጀርባ አጥንት ነው አሉ። አያምፖካ ማማሰያዋን ያዝ አድርጋ አዳመጠች።

“የጀርባ አጥንት ከሆነስ” አለች፣ “መንገድ ላይ ሲደክመው የሚያወርድለት ማን ነው?”

ልብስ ሰፊው ስቆ ሬዲዮው አይሰማሽም አላት። እሷ ግን የምሯን ነበር። ገበሬ እንዲያመርት ሁሉም ይነግረዋል፤ ያመረተውን ይዞ የት ያርፋል፣ ከማን ጋር ይቀመጣል፣ ሲመለስስ ምን ይዞ ይገባል፣ ይህን የሚጠይቅ ብዙ አልሰማችም። እሷ የምታውቀው ይህን ነው፤ ካካዎው አገር ያሳደገው ሄዶ ብቻ አይደለም፣ መንገድ ላይ ቆሞም ነው።

ቦታውን ማን ስም እንዳወጣለት አይታወቅም። አንድ ቀን የመኪና ረዳቱ አያምፖካክሮም፣ አያምፖካክሮም እያለ ተሳፋሪ ሲጠራ ተሰማ፤ የአያምፖካ መንደር ማለቱ ነው። ማሜ ኤኩዋ ስትሰማ በወንድሜ መሬት ላይ የሰሜነኛ ስም ብላ ልትነሳ ነበር። ናና ከድንጋያቸው ሆነው፣ እኔ እዚያ ላይ ደክሞኝ አላውቅም፣ እንዴት በኔ ስም ይጠራል አሏት።

ናና በእርጅና ሄዱ። ሲቀበሩ አያምፖካ ከጅረቱ ካካዎ ሁሉ የተሻለውን ሸጣ የቀብሩን መጠጥ ብቻዋን ቻለች፤ ቤተሰቡ ከልጆቻቸው እኩል አስቀመጣት። ማሜ ኤኩዋም ተከተለቻቸው። ደሪ ወደ አገሩ ተመልሶ አርሶ ይበላል ይባላል፤ ልጁ ግን ያንኑ መንገድ የጭነት መኪና ይነዳል።

አሁን በአናቱ ጆንያ የሚሸከም ሰው ጉብታው ላይ የለም። ባላዎቹ ግን አልተነቀሉም፤ ምስጥ በበላቸው ቁጥር አንዱ ይለውጣቸዋል፣ ለምን ብትለው አያውቅም። ሙዝ ጠባሿ ጃንጥላዋን ታስርበታለች። ድንጋዮቹ አንዳንዶቹ በቤት ሥር ቀርተዋል።

አያምፖካ ጉልበቷ ጉብታውን እምቢ ሲላት ድስቱን ለሌላ ሴት ሰጥታ ወረደች። አሲቢ ተምራ ነርስ ሆናለች፤ ጆንያ አልተሸከመችም። ባለፈው የዝናብ ወቅት ከሷ የመጣ ሰው እንደነገረን፣ አያምፖካ ጁዋቦሶ ከተማ ከገበያው ጀርባ፣ በልጇ በአሲቢ ቤት፣ በሩ ወደ መኪና መናኸሪያው በሚያይ ክፍል ውስጥ ትኖራለች።